“ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ከሚል ወዳጅ ጋር እንዴት እንነጋገር?

ከዓመታት በፊት አንድ የቅርብ ጓደኛዬ፣ በሙያው እጅግ የማከብረው መሐንዲስ፣ ሰው ጨረቃን ረግጦ አያውቅም አለኝ። በዚያው ሌሊት ዐሥራ አንድ ማስረጃ ሰብስቤ ላክኩለት። ፎቶግራፍ፣ የድንጋይ ምርመራ ውጤት፣ የሌዘር ልኬት፣ ምኑ ቅጡ! ጠዋት መልስ የለም፤ በሳምንቱም የለም። ለዐሥር ወር ያህል ከሰላምታ ያለፈ ቃል ሳንለዋወጥ ቆየን። ከላክኳቸው ማስረጃዎች አንዱም ስሕተት አልነበረበትም። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ፤ ያልተጠየቅኩትን ስመልስ ነው ያደርኩት።

ይህ መመሪያ እንዲያ ያለ ሌሊት ማሳለፍ ለማይፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። የሴራ ትንታኔ ወይም የሴራ ንድፈ ሐሳብ ስል፣ ኃያላን የሆኑ ጥቂት ሰዎች በምስጢር ተመካክረው አንድን ትልቅ ነገር አቀነባብረዋል የሚል ማብራሪያ ማለቴ ነው። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በተለይ ባለፉት ሃያ ዓመታት ይህን ጉዳይ በሰፊው አጥንተውታል። ከጥናቶቹም ከራሴ ውድቀትም የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ሰው ከእንዲህ ያለ እምነት የሚወጣው ሳያፍር የሚወጣበት በር ሲያገኝ ነው። ከታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ያንን በር ለመክፈት የሚደረጉ ናቸው። በአንድ ቀን አያልቁም፤ ወራት ሊወስዱ ይችላሉ።

አንደኛ፦ ወዳጅዎ ልክ ሊሆን እንደሚችል ያስቡ

“ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለው ተረት ከባዶ አልመጣም፤ በዓለም ላይ ሴራ አለ። ከ1932 እስከ 1972 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ መንግሥት የጤና አገልግሎት በአላባማ ግዛት፣ ተስኪጊ በተባለ ስፍራ፣ ቂጥኝ የያዛቸውን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ወንዶች “እያከምናችሁ ነው” እያለ የበሽታቸውን አካሄድ ብቻ ሲከታተል ኖሯል። ፔኒሲሊን ፈዋሽ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ መድኃኒቱን አልሰጣቸውም። በ1953 ማብቂያ ላይ የአሜሪካ ትላልቅ የሲጋራ ኩባንያዎች ኃላፊዎች ኒው ዮርክ በሚገኝ ሆቴል ተሰብስበው ማጨስን ከካንሰር ጋር በሚያያይዘው ምርምር ላይ ጥርጣሬ የሚዘራ የጋራ ዘመቻ ወጠኑ። ቮልስዋገን በ2015 ወደ 11 ሚሊዮን በሚጠጉ የናፍጣ መኪኖቹ ላይ የጭስ ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር መጫኑን አምኗል።

ታዲያ እውነተኛውን ሴራ ከምናባዊው በምን እንለየዋለን? እነዚህ ሦስቱ እንዴት እንደተጋለጡ ቢያዩ መልሱ ግማሽ መንገድ ይመጣልዎታል። የተስኪጊው ጉዳይ አደባባይ የወጣው በዚያው መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ሰው ለጋዜጠኛ በመናገሩ ነው። የሲጋራ ኩባንያዎቹን የገዛ ሰነዶቻቸው አጋለጧቸው። የቮልስዋገንን ያወጡት ደግሞ መኪኖቹን መንገድ ላይ እየነዱ የጭሱን መጠን የለኩ ተመራማሪዎች ናቸው። እውነተኛ ሴራ የተወሰነ ግብ አለው፤ ወረቀት ይተዋል፤ ከመካከሉ የሚሾልክ ሰው አያጣም።

ዴቪድ ሮበርት ግራይምስ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በ2016 ባወጣው ስሌት፣ የጨረቃው ጉዞ ውሸት ቢሆን ኖሮ ምስጢሩን መጠበቅ የሚኖርባቸው 411,000 ያህል ሰዎች ስለሚሆኑ አራት ዓመት ሳይሞላው ይፈነዳ ነበር ብሏል። ስሌቱ ብዙ ግምት የተሸከመ ነው፤ ቁጥሩን እንደ ወንጌል አይያዙት። ጥያቄው ግን ጠቃሚ ነው፦ ስንት ሰው፣ ለስንት ዓመት ዝም ማለት አለበት?

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመዝነው ሌላ ነገር ነው። የሚያስተባብል ማስረጃ ሲመጣ ትንታኔው ምን ያደርጋል? በቅን የተጠረጠረ ነገር ሲስተባበል ይጠባል ወይም ይተዋል። ሌላው ዓይነት ግን ማስተባበያውን ውጦ ይሰፋል፤ የተቃወመው ሁሉ የተገዛ፣ የጠፋው ማስረጃ ሁሉ የተደበቀ ይሆናል። ይህን ካዩ መመሪያው ለእርስዎ ነው። ካላዩ ግን ምናልባት ወዳጅዎ አንድ የሚያውቀው ነገር ይኖራልና አብረው ያጣሩ።

ይህን እርምጃ የሚዘልሉ ብዙ ናቸው። ዋጋው ግን ትልቅ ነው፤ “ተስኪጊ የተፈጸመውን የሚያውቅ ሰው ሐኪም ቢጠረጥር አልፈርድበትም” ብለው ከልብ መናገር ሲችሉ፣ ጆሮ የሚከፍት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በእጅዎ አለ።

ሁለተኛ፦ እምነቱ ለወዳጅዎ ምን እየሠራለት እንደሆነ ይለዩ

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ።

ካረን ዳግላስና የሥራ ባልደረቦቿ ሮቢ ሰተንና አሌክሳንድራ ቺኾትስካ በ2017 ባወጡት ጽሑፍ የቀደሙትን ጥናቶች ሰብስበው፣ ሰው ወደ ሴራ ትንታኔ የሚሳብባቸውን ምክንያቶች በሦስት መደቧቸው። ነገሩን የመረዳት ፍላጎት፣ ደኅንነት የማግኘትና ሕይወትን በእጅ የማድረግ ፍላጎት፣ እንዲሁም ለራስና ለወገን ክብር የመሻት ፍላጎት። ሦስቱም በማናችንም ውስጥ ያሉ ጤናማ ፍላጎቶች ናቸው። ሞኝነት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የመጀመሪያውን በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በኬኔዲ ግድያ እንየው። ኅዳር 22 ቀን 1963 (እ.ኤ.አ.) የአንድ የ24 ዓመት ወጣት ጥይት የዓለምን ኃያል ሰው ገደለ። ለብዙዎች ይህ ሚዛን አልደፋ አላቸው፤ ያን ያህል ትልቅ ሐዘን ከዚያ ካነሰ ሰው እንዴት ይወለዳል? ጋለፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መዛኝ ድርጅት በ1976 ሲጠይቅ ከመቶ 81 የሚሆኑ አሜሪካውያን ገዳዩ ብቻውን አልነበረም ብለው ነበር፤ በ2023 እንኳ ቁጥሩ ከመቶ 65 ነበር። ትልቅ ነገር ትልቅ ምክንያት ይፈልጋል የሚለው ስሜት እዚህ ይሠራል።

ከዚሁ ጋር ሌላ ልማድ አለ፤ ከእንቅስቃሴ ሁሉ በስተጀርባ አሳቢ የማየት ልማድ። ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ዚመል በ1944 ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾችና አንዲት ክብ ወዲያ ወዲህ የሚሉበት አጭር ፊልም ለ34 ሰዎች አሳዩ። ያዩትን እንዲጽፉ ሲጠየቁ እንቅስቃሴውን እንደ ቅርጽ ብቻ የገለጸው አንድ ሰው ነበር። ሌሎቹ ስለ ጉልበተኛ፣ ስለ ሽሽት፣ ስለ ጠብ ጻፉ። በፊልም ላይ ያለ ቅርጽ ጉልበተኛ ሆኖ ከታየን፣ ወረርሽኝ ወይም የዋጋ ንረት ያቀደው ሰው እንዳለው ሆኖ ቢሰማን ምን ይገርማል? “ማን አደረገው?” የሚለው ጥያቄ “ምን ሆነ?” ከሚለው ቀድሞ ይመጣል።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ሥራ ያጣ፣ ታማሚ የሚያስታምም፣ ነገን ማየት ያቃተው ሰው ለሴራ ትንታኔ የተጋለጠ ነው። ጄኒፈር ዊትሰንና አዳም ጋሊንስኪ በ2008 ነገሮች ከቁጥጥራቸው እንደወጡ እንዲሰማቸው የተደረጉ ሰዎች በተበተኑ ነጠብጣቦች ውስጥ የሌለ ሥዕል እንዳዩ ዘግበው ነበር። በኋላ ሙከራው ሲደገም ውጤቱ እንደ መጀመሪያው ሆኖ አልተገኘም፤ ስለዚህ የላብራቶሪውን ነገር በጥንቃቄ እይዘዋለሁ። በጭንቀትና አቅመ ቢስነት በመሰማት እንዲሁም በሴራ እምነት መካከል ያለው ትስስር ግን ከብዙ ዳሰሳዎች ደጋግሞ የወጣ ነው። የሚያሳዝነው፣ እምነቱ ፍርሃቱን አያበርድም። ዳግላስና ባልደረቦቿ እንደጻፉት እስካሁን ያሉት ማስረጃዎች የሚያመለክቱት እንዲያውም ሊያባብሰው እንደሚችል ነው። የተጠማ ሰው የጨው ውኃ እንደሚጠጣው ያለ ነገር ነው።

ሦስተኛው ክብር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም እሱ ነው። ሮላንድ ኢምሆፍና ፒያ ላምበርቲ በ2017 አንድ ብልሃት ተጠቀሙ። የጭስ ጠቋሚ መሣሪያዎች ጤናን የሚጎዳ ድምፅ ያወጣሉ፣ ይህም ተደብቋል የሚል የሴራ ወሬ ከባዶ ፈጠሩ። ወደ ሴራ አስተሳሰብ የሚያዘነብሉት ተሳታፊዎች ወሬውን የበለጠ የተቀበሉት የሚያምኑበት ጥቂቶች ብቻ ናቸው ሲባሉ ነበር። “እናንተ ተኝታችኋል፣ እኔ ነቅቻለሁ” ማለት የሚያሞቅ ነገር አለው፤ በተለይ ሌላ ቦታ ሰሚ ላጣ ሰው። ወገናቸው ምርጫ የተሸነፈባቸው ሰዎችም ወደ ሴራ ማብራሪያ እንደሚያዘነብሉ ጆሴፍ ኡሲንስኪና ጆሴፍ ፓረንት በ2014 አሳይተዋል። ተሸናፊነት ሲመር “ተሸነፍን” ከማለት “ተሠራብን” ማለት ይቀልላል።

የወዳጅዎ የትኛው ነው? ለአንድ ሳምንት ምንም ሳይከራከሩ አነጋገሩን ያዳምጡ። “እንዴት እንዲህ ሊገጣጠም ይችላል?” የሚል ከሆነ ማብራሪያ ነው የራበው። “ምን ሊያደርጉን ነው?” የሚል ከሆነ ፈርቷል። “ወደፊት ታዩታላችሁ” የሚል ከሆነ ደግሞ አክብሩኝ እያለ ነው። መሐንዲሱ ጓደኛዬ ያኔ ከሥራው በግፍ ተነሥቶ ቤት ከዋለ ስድስት ወሩ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። ማወቄ ግን ምንም አልጠቀመውም፤ ዐሥራ አንድ ማስረጃ ነው የላክኩለት።

ሦስተኛ፦ የራስዎን ጓዳ ይፈትሹ

በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ልዕልት ዳያና ሞቷን አስመስላ ጠፍታለች በሚለው የሚያምኑ ሰዎች ተገድላለች በሚለውም የማመን ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ነው አለ። በአንድ ራስ ሞታም በሕይወትም አለች! ይህን ለዓመታት እየጠቀስኩ ስቄያለሁ። በ2023 ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩን መልሰው ሲያዩት፣ የቁጥሩ ትስስር በአመዛኙ የመጣው ሁለቱንም ከማያምኑት ብዙኃን መሆኑን አሳዩ። ሁለቱንም የማያምኑ ሰዎች ሲበዙ፣ ሁለቱ እምነቶች አብረው የሚሄዱ ይመስላሉ። እኔ ግን ወሬው ስለጣመኝ አላጣራሁም ነበር። ከሴራ አማኙ የምለየው በምን ይሆን?

ደጋግመን የሰማነው ነገር እውነት ይመስለናል፤ ይህ ከ1977 ጀምሮ በሙከራ የታወቀ ነው። የማናውቀውንም የምናውቅ ይመስለናል። ሊዮኒድ ሮዘንብሊትና ፍራንክ ኪል በ2002 ሰዎች እንደ ዚፕ ያሉ ነገሮች እንዴት እንደሚሠሩ ምን ያህል እንደሚያውቁ ጠየቋቸው፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እንዲያስረዱ አደረጓቸው። ማስረዳት ከጀመሩ በኋላ ለራሳቸው የሰጡት ነጥብ ወረደ። እርስዎም ከንግግሩ በፊት ይህን በራስዎ ላይ ይሞክሩት። ክትባት እንዴት እንደሚሠራ፣ የሬዲዮ ሞገድ ምን እንደሆነ አንድ ገጽ ይጻፉ። ብዕርዎ የሚቆምበትን ቦታ ያስታውሱት፤ እዚያ ሲደርሱ “ይህን አላውቅም” የሚሉት ያኔ ነው።

አራተኛ፦ ቦታና ሰዓት

በቤተሰብ የጋራ የመልእክት ቡድን ውስጥ ፈጽሞ አይጀምሩ። ተመልካች ባለበት ሐሳብ መለወጥ መሸነፍ ነው። ለብቻ፣ በአካል፣ ካልሆነም በስልክ ድምፅ ይሁን። ጎን ለጎን መሄድ ወይም መኪና ውስጥ መቀመጥ ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይሻላል። ወዳጅዎ ዜና አይቶ በተቆጣበት ሰዓት አይሞክሩት።

አምስተኛ፦ ጠይቀው ይክፈቱ

ዊልያም ሚለር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1983 ከመጠጥ ጋር ለሚታገሉ ሰዎች የሚሆን የአነጋገር ስልት አስተዋወቀ። ባለሙያው ሲገፋ ታማሚው ለመጠጡ ጠበቃ እንደሚቆም አስተውሎ ስለነበር፣ ግፊቱን ትቶ የለውጡን ምክንያት ታማሚው ራሱ እንዲናገር ማድረግ ጀመረ። ለእኛም ጉዳይ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም።

እንዴት እንደሚመስል በምሳሌ ላሳይ። በ2020 የጸደይ ወራት የአምስተኛው ትውልድ የስልክ ኔትወርክ ኮሮናን ያመጣል የሚል ወሬ ተናፍሶ፣ በብሪታንያ በደርዘን የሚቆጠሩ የስልክ ምሰሶዎች በእሳት ተለኩሰው ነበር። አንዲት እህት ይህን ከሚያምን ታላቅ ወንድሟ ጋር ስትነጋገር እናስብ።

“ወንድም ጋሼ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ። ይህን ነገር እንዴት ሰማኸው?”

“ሥራ ቦታ ሲያወሩ። ከዚያ ቪዲዮውን ሳየው ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ።”

“ምኑ ነው የተገጣጠመልህ?”

“ምሰሶዎቹ የተተከሉበትና በሽታው የመጣበት ጊዜ ነዋ። እንዲህ ያለ አጋጣሚ አለ?”

“ማንም ሳያማክርህ ደጃፍህ ላይ አንድ ነገር ተተከለ፤ ብዙም ሳይቆይ ሰው መታመም ጀመረ።”

“በቃ! እሱን ነው የምልሽ።”

“ከአንድ እስከ ዐሥር ብትለካው፣ ምን ያህል እርግጠኛ ነህ?”

“ስምንት።”

“ዐሥር ያላልከው ለምንድን ነው?”

“እንጃ… ምሰሶ ያልገባባቸው አገሮችም ታመዋል ይላሉ። እሱ ብቻ አልገባኝም።”

ልብ ይበሉ፤ እስካሁን እህትዬው አንድም ማስረጃ አላቀረበችም። ትልቁን መከራከሪያ ያመጣው ወንድሟ ነው። ሦስት ነገር አድርጋለች። ክፍት ጥያቄ ጠየቀች። የሰማችውን በራሷ ቃል መልሳ ነገረችው፤ ያንንም ያደረገችው “ማንም ሳያማክርህ” ብላ ከወሬው በታች ያለውን ቅሬታ በመንካት ነው። ከዚያ የቁጥሩን ጥያቄ አስከተለች። የጥያቄው አቅጣጫ ወሳኝ ነው። “ስምንት ያልከው ለምንድን ነው?” ብትለው ኖሮ ለስምንቱ ጠበቃ ይቆም ነበር። “ዐሥር ያላልከው ለምንድን ነው?” ስትለው ግን ለጥርጣሬው ጠበቃ ቆመ።

“ዐሥር ነኝ” ያለዎትስ? እንግዲያው “ወደ ዘጠኝ የሚያወርድህ ምን ዓይነት ነገር ቢያጋጥምህ ነው?” ይበሉት። “ምንም” ካለ ለዛሬ ይበቃል፤ ወሬ ይለውጡ። ነገር ግን ያቺን ጥያቄ ይዟት ይሄዳል።

የሚያበላሹ ትንንሽ ነገሮች አሉ። “ግን” የሚለው ቃል አንዱ ነው፤ “ይገባኛል፣ ግን…” ሲሉ ከ“ግን” በፊት ያለው ሁሉ ይሰረዛል። ፈገግታዎንም ይቆጣጠሩ። ሰው የተናቀ እንደሆነ ከቃል ይልቅ ከከንፈር ጫፍ ያነባል።

ስድስተኛ፦ ማስረጃ ያቅርቡ፤ አንድ ብቻ

“ማስረጃ ባቀረብክላቸው መጠን ይብሳሉ” የሚል ወሬ ሰምተው ይሆናል። ምንጩ ብሬንደን ናይሃንና ጄሰን ራይፍለር በ2010 ያወጡት ጥናት ነው። ቶማስ ውድና ኢታን ፖርተር ግን በ2019 ከ10,000 በላይ ሰዎችን በ52 ጉዳዮች ላይ ሲፈትኑ ያን የመሰለ ነገር አላገኙም ማለት ይቻላል። ሰዎች በአመዛኙ ወደ እውነቱ ጠጋ አሉ። ስለዚህ ማስረጃ ከንቱ ነው ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

ከሁሉ የገረመኝ በ2024 የወጣው ነው። ቶማስ ኮስቴሎ፣ ጎርደን ፔኒኩክና ዴቪድ ራንድ 2,190 የሴራ ትንታኔ የሚያምኑ ሰዎችን ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር አነጋገሩ። እያንዳንዱ ሰው የሚያምንበትን ነገርና ለምን እንደሚያምን በራሱ ቃል ጻፈ፤ ማሽኑም ለዚያው ምክንያት መልስ ሰጠ። እምነቱ በአማካይ በ20 በመቶ ያህል ወረደ፤ ከሁለት ወር በኋላም እንደወረደ ነበር። ሚስጥሩ የማስረጃው ልክ መሆን ይመስለኛል፤ ለምሳሌ ማሽኑ የሚመልሰው በአጠቃላይ ስለ ጨረቃው ጉዞ ሳይሆን ይህ ሰው በጨረቃው ፎቶግራፍ ላይ አይቶ ስለተቸገረባት ስለዚያች አንዲት ጥላ ነው። ማሽን ፊቱን አለማጨፍገጉም ሳይረዳ አልቀረም፤ ይህ ግን የራሴ ግምት ነው።

እንግዲህ በአምስተኛው እርምጃ ላይ የሰሙትን ይያዙ። ወዳጅዎ የሚደገፍበት ምሰሶ የትኛው ነው? ለእሱ ብቻ፣ አንድ ጠንካራ ማስረጃ ያዘጋጁ። አምስት ካቀረቡ ከአምስቱ ደካማውን መርጦ ይጥለዋል፤ በእሱም አራቱ አብረው ይወድቃሉ። ስለ ጨረቃው ጉዞ ዛሬ ብጠየቅ አንድ ነገር ብቻ አነሣለሁ፦ ሶቪየት ኅብረት ተቀናቃኟን ለማዋረድ ምክንያቱም ነበራት፣ መንኮራኩሮችን የምትከታተልበት መሣሪያም ነበራት፤ ውሸት ነው ብላ ግን አላጋለጠችም። በ1969 የተተከለው የብርሃን መስተዋት እስከ ዛሬ ሌዘር እንደሚመልስና 382 ኪሎ ግራም ድንጋይ እንደመጣ አውቃለሁ። ካልተጠየቅኩ አልናገረውም።

ሌላም መታሰብ ያለበት አለ። ሆሊን ጆንሰንና ኮሊን ሳይፈርት በ1994 ስለ አንድ የመጋዘን ቃጠሎ ዘገባ ለሰዎች አስነበቡ። መጀመሪያ በአንድ ጓዳ ውስጥ ቀለምና የጋዝ ሲሊንደር ነበር ተባለ፤ ቀጥሎ ያ ስሕተት ነው፣ ጓዳው ባዶ ነበር ተብሎ ታረመ። ቢታረምም አንባቢዎቹ ጭሱን ሲያብራሩ ቀለሙን መጥቀሳቸውን ቀጠሉ። ሌላ መንሥኤ ሲሰጣቸው ግን የመጀመሪያውን ለቀቁት። አእምሮ ክፍተት አይወድም። “ያ ውሸት ነው” ብለው ከሄዱ ቀዳዳ ትተው ሄደዋል፤ ቀዳዳውም በአሮጌው ወሬ ተመልሶ ይሞላል። ስለዚህ እንዴት እንደሆነ የሚያስረዳ ሌላ ታሪክ ይኑርዎት፤ ቢቻል የራሱ ተዋንያን፣ ስሕተትና ቸልተኝነት ያለበት። ቸልተኝነት ብዙ ጊዜ ከሴራ ይልቅ ብዙ ነገር ያብራራል፤ ለመስማት ደስ ባይልም።

ሰባተኛ፦ በሩን ይክፈቱ፤ ከዚያ ይራቁ

ብዙ ጥሩ ንግግር የሚበላሸው እዚህ ነው። ወዳጅዎ መወላወል ሲጀምር “አላልኩህም!” ማለት ያምርዎታል። ምላስዎን ይንከሱት። ይህ ሰው በእምነቱ ምክንያት ከወንድሞቹ ጋር ተጣልቶ፣ በሥራ ባልደረቦቹ ተስቆበት ሊሆን ይችላል። አሁን ተሳስቻለሁ ቢል ያ ሁሉ በከንቱ እንደነበር መቀበል ነው። ስለዚህ የሚወጣበትን ዓረፍተ ነገር እርስዎ ያቀብሉት፦ “ያኔ ማንም በቅጡ አላስረዳንም ነበር፣ መጠርጠርህ አይገርምም” ወይም “አዲስ ነገር ሲገኝ ሁላችንም እንለውጣለን፣ እኔም በዚህ በዚህ ጉዳይ ለውጫለሁ”። ሁለተኛውን ሲሉ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ያገኙትን የራስዎን ስሕተት ይጥቀሱ። የእውነት መሆን አለበት፤ የተፈበረከ ትሕትና ይሸታል።

የእምነቱ ሥራ ክብር መስጠት ከነበረ፣ እምነቱን ሲያነሱ ክብሩንም እየነጠቁት ነው። በምትኩ ምን ይሰጡታል? ምክር ይጠይቁት። የሚያውቀውን ሙያ የሚያሳይበት ቦታ ይፈልጉለት። የእምነቱ ሥራ ፍርሃትን ማስታገስ ከነበረም፣ በእጁ ሊያደርገው የሚችል አንድ ትንሽ ተጨባጭ ነገር ከሺህ ማስተባበያ ይበልጣል። ብዙዎች የሴራ ቡድኖችን የሚለቁት ትንታኔውን ስለመረመሩ ሳይሆን ሌላ የሚፈለጉበት ቦታ ስላገኙ ይመስለኛል።

ስምንተኛ፦ ትዕግሥት የማይበጅባቸው ጊዜያት

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ጊዜ አለን ብሎ የሚነሣ ነው። ጊዜ የማይኖርበት ወቅት አለ። ወዳጅዎ የታዘዘለትን መድኃኒት ካቋረጠ፣ ለልጁ ሕክምና ከከለከለ፣ ወይም በስም የሚጠራውን ሰው ወይም ሕዝብ ለመጉዳት ከዛተ፣ የአነጋገር ስልቱን ትተው ሐኪም፣ ቤተሰብ፣ አስፈላጊ ከሆነም የሕግ አካል ያሳውቁ። በአንድ ወገን ላይ የተነጣጠረ የሴራ ወሬ ደም ሊያፈስስ እንደሚችል ታሪክ ደጋግሞ አሳይቷል።

ሌላው የአእምሮ ሕመም ነው። የሴራ አማኝ በአብዛኛው “እኛን እያታለሉን ነው” ይላል፤ ወሬውም ከሌሎች ጋር የሚጋራው ነው። “እኔን ለይተው እየተከታተሉኝ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ስለ እኔ ያወራል” የሚል ብቸኛ እምነት ከሆነ፣ በተለይም ከእንቅልፍ ማጣትና ከጠባይ ድንገተኛ ለውጥ ጋር ከመጣ፣ መንገዱ ወደ አእምሮ ሐኪም ነው። ሁለቱን ማምታታት ለሁለቱም ይጎዳል።

ለራስዎም ገደብ ያብጁ። ሦስት አራት ጊዜ ሞክረው ንግግሩ ስድብ ብቻ ከሆነ፣ “በዚህ ጉዳይ አንነጋገር፤ በሌላው ሁሉ አለሁልህ” ማለት ይቻላል።

ዘጠነኛ፦ ገና ላልሰሙት

ከመድኃኒቱ ይልቅ ክትባቱ ይቀልላል። ዊልያም ማክጓየር በ1960ዎቹ ሰውን ለደካማ የማታለያ ሙከራ ቀድሞ ማጋለጥ በኋላ የሚመጣውን ጠንካራ ሙከራ እንዲቋቋም እንደሚረዳው አሳይቷል። ዳንኤል ጆሊና ካረን ዳግላስ በ2017 ይህን በክትባት የሴራ ወሬዎች ላይ ሞከሩት። ማስተባበያው ከወሬው ቀድሞ ሲነበብ ጠቀመ፤ ተከትሎ ሲመጣ አልጠቀመም። ስለዚህ ልጅ ካለዎት፣ “ይህን ቪዲዮ አትመን” ከማለት ይልቅ ቪዲዮው ከመምጣቱ በፊት ስልቱን ያሳዩት፦ “ሐዘንን በሙዚቃ ያጅባሉ፤ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው መልሱን ለአንተ ይተዋሉ፤ የተቃወመውን ሁሉ የተገዛ ነው ይላሉ።” ከዚያ አንድ የሴራ ወሬ አብራችሁ ፍጠሩ። ልጆች ይህን ጨዋታ ይወዱታል፤ ክፉኛም ይችሉበታል።

ጓደኛዬ በዐሥር ወሩ ደወለልኝ። ማተሚያ መሣሪያው ተበላሽቶበት ነበር። ሄድኩ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ስንፈታታው ዋልን፤ ስለ ጨረቃ አንድም ቃል አልወጣኝም። አዲስ ሥራ ስለማግኘቱ አወራን። ልወጣ ስል በሩ ላይ፣ “ያን ሌሊት የላክኸውን ነገር እኮ አላነበብኩትም” አለኝ። ጥሩ አደረግህ አልኩት። ሳቀ። “እስቲ አንዱን ብቻ ንገረኝ” አለኝ፤ እኔም እዚያው በሩ ላይ ቆሜ የሶቪየቶቹን ነገርኩት።